የሬዲዮ መስመር መዋዠቅን በኮምፒውተር ለማስመሰል የሚያገለግል ቆጣቢ ዲጂታል ማጣሪያ

መግቢያ

በሽቦ አልባ ግንኙነት ከማስተላለፊያው የሚነሳው ሞገድ ከሕንፃዎችና ከመሬት ገጽታ እየተንጸባረቀ በብዙ መንገዶች ወደ ተቀባዩ ይደርሳል። ተቀባዩ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ እነዚህ ሞገዶች አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጣፋሉ፤ በዚህም የሲግናሉ ጉልበት ይዋዥቃል። ፌዲንግ የሚባለው ክስተት ይህ ነው። የአንድን የማስተላለፊያ ዘዴ የስህተት መጠን በኮምፒውተር የሚለካ ተመራማሪ ይህን መዋዠቅ በትክክል፣ በአነስተኛ ስሌትም ማመንጨት ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ የማጣሪያው የስሌት ወጪ እንዴት እንደሚቀንስና ውጤቱ እንዴት እንደሚፈተሽ ያሳያል።

ሞዴሉና ወጪው

ክላርክ በ1968 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሞዴል መሠረት፣ ቀጥተኛ መንገድ ከሌለና ሞገዶቹ ከሁሉም አግድም አቅጣጫ በእኩል ጉልበት ከደረሱ፣ የመስመሩ ምላሽ ኮምፕሌክስ ጋውሲያን ሂደት ይሆናል፤ መጠኑም የሬይሊን ስርጭት ይከተላል። ስፔክትረሙ ከከፍተኛው የዶፕለር ድግግሞሽ አያልፍም። ይህ ድግግሞሽ የተቀባዩ ፍጥነት ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ለምሳሌ በ900 ሜጋ ሄርትዝ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ተቀባይ 50 ሄርትዝ ይሆናል።

የማጣሪያ ዘዴው ሁለት ነጻ የጋውሲያን ነጭ ኖይዝ ተከታታዮችን ያመነጫል፤ የዶፕለር ስፔክትረሙን ስኩዌር ሩት በሚመስል ማጣሪያ ያሳልፋቸዋል፤ ከዚያም እውናዊና ምናባዊ ክፍል አድርጎ ያጣምራቸዋል። ችግሩ የሚነሳው ከናሙና ፍጥነቱ ነው። የማጣሪያው ምላሽ ከጊዜ ጋር ቀስ ብሎ ስለሚከስም በመስኮት ተገድቦ እንኳ 8 የዶፕለር ዑደቶችን፣ ማለትም 160 ሚሊ ሰከንድን ይሸፍን ብንል፣ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ናሙና ለሚሠራ ሲሙሌሽን 160,000 ኮኤፊሸንቶች ያስፈልጋሉ። በቀጥታ ሲሰላ ለእያንዳንዱ ናሙና፣ በእያንዳንዱ ክፍል፣ ይህን ያህል ብዜት ይጠይቃል።

በደረጃ መሥራት

መዋዠቁ ከ50 ሄርትዝ የማይበልጥ ስለሆነ ስፔክትረሙን በከፍተኛ ፍጥነት መቅረጽ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ደረጃ ሂደቱ በሰከንድ 400 ናሙና ይመነጫል፤ ያው 160 ሚሊ ሰከንድ አሁን በ64 ኮኤፊሸንቶች ብቻ ይሸፈናል። በሁለተኛው ደረጃ ፖሊፌዝ ኢንተርፖሌሽን ፍጥነቱን 50 ጊዜ ያሳድጋል፤ በእያንዳንዱ ፌዝ 8 ኮኤፊሸንቶች ቢኖሩ ለአንድ ውጤት 8 ብዜት ይበቃል። በሦስተኛው ደረጃ ቀጥተኛ መስመራዊ ኢንተርፖሌሽን ፍጥነቱን ዳግመኛ 50 ጊዜ አሳድጎ 1 ሚሊዮን ያደርሰዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ወጪ ለብዙ ናሙናዎች ስለሚከፋፈል፣ አማካይ ወጪው በእያንዳንዱ ክፍል ለአንድ ናሙና 1.2 ብዜት ገደማ ነው። ይህም ከቀጥታው ስሌት ከ100,000 እጥፍ በላይ ያንሳል። ሁለተኛውን ደረጃ ዘሎ ከ400 ናሙና በቀጥታ በመስመራዊ ኢንተርፖሌሽን ማሳደግ ግን አይገባም፤ በሁለት ናሙናዎች መካከል የ50 ሄርትዙ ክፍል መጠን 7.6 በመቶ ይቀንሳልና። ከ20,000 ናሙና ሲጀመር ይኸው ቅናሽ 0.003 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ፍተሻ

ብዙ ጊዜ ፍተሻው የሬይሊን ሂስቶግራም በማሳየት ያበቃል። ይህ በቂ አይደለም። ጋውሲያን ኖይዝ በማናቸውም መስመራዊ ማጣሪያ ቢያልፍ ጋውሲያን እንደሆነ ይቀራል፤ ስለዚህ ማጣሪያው ፈጽሞ የተሳሳተ ቢሆንም ሂስቶግራሙ ትክክል ሆኖ ይታያል። የዶፕለር ድግግሞሹ በስህተት 5 ሄርትዝ ቢሆን ሂስቶግራሙ አይለወጥም፤ ነገር ግን በአማካይ 0.8 ሚሊ ሰከንድ መቆየት የነበረበት ጥልቅ ውድቀት 8 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ቢት ለሚልክ ሥርዓት ይህ ልዩነት በ800 እና በ8,000 ቢት መካከል ያለ ነው፤ በእርሱ ላይ የተመሠረተ የኢንተርሊቨር ንድፍም ከመነሻው ይሳሳታል።

ስለዚህ በጊዜ ላይ የተመሠረቱ ሁለት መለኪያዎች ሊታዩ ይገባል። አንደኛው ራስ-ተዛምዶ ነው፦ የዜሮ ደረጃ ቤሴል ፈንክሽንን መከተል፣ በምሳሌያችንም መጀመሪያ በ7.66 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ዜሮን ማቋረጥ አለበት። ሁለተኛው የማቋረጥ ብዛት ነው፦ መጠኑ ከአርኤምኤሱ አንድ አሥረኛ በታች በሰከንድ በአማካይ 12.4 ጊዜ ይወርዳል። ማጣሪያው ገና ያልሞላባቸው የመጀመሪያዎቹ 63 ውጤቶች ከመለካቱ በፊት መወገድ አለባቸው።

ማጠቃለያ

1 ሚሊዮን ናሙና ብዙ ይመስላል፤ ሆኖም በውስጡ የሚገኙት ጥልቅ ውድቀቶች 12 ያህል ብቻ ናቸው። ስህተቶች የሚበዙት ደግሞ በእነዚህ ውስጥ ነው። 1,000 ውድቀቶችን ለማየት የ80 ሰከንድ ሂደት፣ ማለትም 80 ሚሊዮን ናሙና ገደማ ያስፈልጋል። በመሆኑም በማጣሪያው የሚገኘው ቁጠባ ጊዜን ከማሳጠር ያለፈ ጥቅም አለው፤ የስህተት መጠኑን ግራፍ ለማመን የሚያበቃ ርዝመት ያለው ሲሙሌሽን በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ያስችላል።