ለአካባቢ ተስማሚ መኪና የሚሰጥን ሽልማት እንዴት እንመርምረው?
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አሳውቋል። ከዚያ ወዲህ ለአጥቢያው አገልግሎት አዲስ አውቶሞቢል ሊገዛ የሚያስብ ሰበካ ጉባኤ ፊት የሚቀርበው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከዋጋው ጋርም ብዙ ጊዜ መኪናው በውጭ አገር ስለ አገኘው ሽልማት ይነገረዋል። የሚከፈለው ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋትና ከምእመናን ዐሥራት የተሰበሰበ ነውና ሽልማቱ የሚመሰክረውንና የማይመስክረውን ለይቶ ማወቅ የኮሚቴው ኃላፊነት ነው።

እንዲህ ያሉ ሽልማቶች ረጅም ዕድሜ የላቸውም። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የመኪና ጋዜጠኞች በዳኝነት የሚሰጡት «የዓለም መኪና» ሽልማት ለአካባቢ ተስማሚ መኪኖች የተለየ ዘርፍ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የመጀመሪያው ተሸላሚ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሆንዳ ሲቪክ ሃይብሪድ ነበር፤ በ2018 ኒሳን ሊፍ አሸነፈ፤ በ2022 ደግሞ ዘርፉ የኤሌክትሪክ መኪና ሽልማት በሚል ተተካ። በአሜሪካም አንድ መጽሔት «የዓመቱ አረንጓዴ መኪና» እያለ በየዓመቱ ይሸልማል።

ለእኛ እጅግ የሚያስተምረው የዚህ የመጽሔት ሽልማት ታሪክ ነው። የ2009 ተሸላሚ በናፍጣ የሚሠራው ቮልስዋገን ጄታ፣ የ2010 ደግሞ የዚያው ኩባንያ ወገን የሆነው በናፍጣ የሚሠራ ኦዲ ኤ3 ነበር። ሁለቱም ነዳጅ ቆጣቢ፣ ጭሳቸውም ንጹሕ ነው ተብሎ ተመሰገኑ። በ2013 ግን የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኩባንያውን የናፍጣ መኪኖች ከቤተ ሙከራ አውጥተው በመንገድ ላይ እየነዱ ጭሳቸውን ለኩ። ውጤቱ ከቤተ ሙከራው ጋር ፈጽሞ አልገጠመም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ምክንያቱን ይፋ አደረገ፤ መኪኖቹ ምርመራ ላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ሶፍትዌር ተገጥሞላቸው ነበር። በምርመራ ጊዜ ጭስ ማጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ያሠራል፤ መንገድ ላይ ሲወጡ ያላላዋል። አንዳንዶቹ መኪኖች ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ ናይትሮጂን ኦክሳይድ ያወጡ እንደነበር ተገለጠ፤ ኩባንያውም ሶፍትዌሩ በዓለም ዙሪያ በ11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ላይ እንዳለ አመነ። መጽሔቱ ሁለቱንም ሽልማቶች ሰረዘ።

እዚህ ላይ ዳኞቹን ማውገዝ አይገባም። የተሰጣቸውን ቁጥር አምነው ፈረዱ፤ ቁጥሩ የተለካው ግን መኪናው በሚኖርበት መንገድ ላይ አልነበረም።

እኛም በየካ ክፍለ ከተማ በወሰንና በአካባቢው፣ ከዚያም በላይ በእንጦጦ ወገብ ላይ ባሉ አጥቢያዎች ሆነን ይህንኑ መጠየቅ አለብን፤ የተሸለመው መኪና የተለካው የት ነው? አብዛኞቹ የዓለም ከተሞች ከባሕር ወለል ብዙም የማይርቁ ሲሆኑ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን የሚያቃጥለው ኦክስጅንም ይቀንሳልና። አሮጌ የናፍጣ መኪኖች አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይሻ በከፍታ አይደክምም። ሆኖም ተራራ መውጣት ለእርሱም ዋጋ አለው፤ 2,000 ኪሎ የሚመዝንን መኪና 600 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ኃይል አመንጪ ሆኖ ከዚህ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ይህን በረከት የነዳጅ መኪና አያውቀውም።

በጎዳናችን በብዛት ከምናያቸው አንዱ ቮልስዋገን አይዲ 4 የ2021 «የዓለም መኪና» ሽልማትን ያገኘ ነው። ሽልማቱ የአይዲ 4 እንጂ የታላቅ ወንድሙ የአይዲ 6 አይደለም። ወደ እኛ የሚመጡትም በአብዛኛው ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ በቻይና የመለኪያ ሥርዓት የሚጻፈው የአንድ ጊዜ ሙሌት ርቀት ደግሞ በአውሮፓው ሥርዓት ከሚጻፈው ይረዝማል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በየትኛው ሥርዓት እንደተለካ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በአገራችን ዋንጫ አይሰጥ እንጂ ሽልማት አለ፤ እርሱም ግብር ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። ይህ ከጋዜጠኞች ምርጫ ይልቅ ለእኛ የቀረበ መመዘኛ ይመስለኛል፤ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚመነጭ ነውና። ከድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ አገር የተሸለመ መኪና እዚህ ሲመጣ ከተሸለመበት ስፍራ ይልቅ ንጹሕ ይሆናል።

ምስጋናም እንደ መመዘኛው ይለወጣል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶ እጦትን አስወግዶ አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳነ ተብሎ ተመስግኗል። ዛሬ በዚያው በእንጦጦ ላይ ውኃ መጣጭና አፈር አራቋች ተብሎ ይነቀፋል፤ በቦታውም ጽድና ወይራ ይተከላል። ዛፉ ያው ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ከሽልማቱ በፊት የራሱን አገልግሎት ይመዝን። መኪናው ቀሳውስትን ለማቍረብና ለፍትሐት የሚያደርስ ነው ወይስ ሲሚንቶና ችግኝ የሚጭን? 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ2 ኪሎ ዋት ተራ ሶኬት ከባዶ ለመሙላት 30 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በ7 ኪሎ ዋት መሙያ ግን በአንድ ሌሊት ይደርሳል። የደብሩ ቆጣሪና የኤሌክትሪክ መስመር ይህን ይችላል? መብራት በሚጠፋበት ሌሊትስ? የባትሪው ዋስትና በኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል ወይስ መኪናው በተሠራበት አገር ብቻ? ያገለገለ መኪና ከሆነም ባትሪው ስንት በመቶ አቅሙን እንደያዘ በመሣሪያ ተለክቶ ይቅረብ።

ውል ከመፈረሙም በፊት ሻጩ መኪናውን ለግማሽ ቀን እንዲሰጥ ይጠየቅ። ዘወትር የሚጫነውን ያህል ሰውና ዕቃ ጭነው ከደብሩ በር ተነሥተው፣ አጥቢያው የሚያውቀውን እጅግ ቀጥ ያለ አቀበት ወጥተው ይመለሱ። ሲነሡና ሲመለሱ በመኪናው ሰሌዳ ላይ የታየውን የባትሪ መጠን ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ ያስፍረው።