የልጅ ክርክር ወጪው በማን ላይ ነው?

ስለ ሐዷና ስንማማር አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ልጁ ለማን ይገባል በሚለው ላይ ነው። ክርክሩ ራሱ የሚያስወጣው ገንዘብስ? የጠበቃ፣ የማመልከቻ ማስጻፊያ፣ የምስክር መጓጓዣ፣ በየቀጠሮው ከሥራ የሚቀርበት ቀን አለ። እናት መብቱ እያላት ይህን መክፈል ካቃታት መብቷ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የልጁ ወጪና የክርክሩ ወጪ ይለያያሉ። የልጁ ግልጽ ነው። በሱረቱል በቀራህ 2፥233 የምታጠባዋን እናት ቀለብና ልብስ አባት እንዲሸፍን ታዟል፤ እዚያው ላይ ሁለቱም በልጃቸው ምክንያት እንዳይጎዱ ተከልክሏል። ሱረቱ ጦላቅ 65፥6 ደግሞ የተፈታች እናት ላጠባችበት እንዲከፈላት ያዛል። ለሐዷናው ራሱ ክፍያ መጠየቅ ላይ ግን መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ይፈቅዳሉ፣ በማሊኪዮች ዘንድ የታወቀው አለመኖሩ ነው።

ስለ ክርክሩ ወጪ ኢብኑ ተይሚያ (ረሒመሁላህ) የተናገሩት ይጠቅመናል። መክፈል እየቻለ ባለመብቱን እስከ ዳኛ ያመላለሰ ሰው፣ ባለመብቱ በዚህ ምክንያት በአግባቡ ያወጣውን ይሸከማል ብለዋል። ነፈቃ ከልክሎ የልጆቹን እናት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት የሚያንከራትት አባት ከዚህ የራቀ አይመስለንም። ሁለቱም ልጁ እኔ ዘንድ ይሻለዋል ብለው ከልብ ሲከራከሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ በዳይ የለም። የተረታው ሁሉ ይክፈል ከተባለ፣ ለልጁ የሚናገር ወላጅ ገና ከመጀመሪያው ይፈራል። ፈትዋው የዑለማኦች ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ የቤተሰብ ጉዳይ ያያሉ። የሚፈርዱት በእስልምና ሕግ ነው፤ የሚከተሉት ሥነ ሥርዓት ግን መደበኛው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ አንቀጽ 462 ደግሞ ወጪና ኪሳራ ለዳኛው ሚዛን የተተወ ነው። ብዙ ውሳኔዎች መጨረሻ ላይ «ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ» የሚል እናነባለን። እኩል ይመስላል። ደመወዝተኛ አባትና ገቢ የሌላት እናት እኩል ሲቻቻሉ ግን ማን እንደተጎዳ ለማስላት ካልኩሌተር አያስፈልግም። ቃዲው ይህን እንዲያይ መጠየቅ ይቻላል፤ ሳይጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዳይ የገጠማት እህት ወይም ዘመድ ካለች፣ ወጪና ኪሳራን ከመጀመሪያው በክስ ማመልከቻዋ ላይ ትጠይቅ፤ እያንዳንዱን ደረሰኝ ታስቀምጥ፣ ዝርዝሩን የምታቀርበው በእሱ ነውና። የዳኝነት መክፈያ ከሌላት ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ባለው በደሃ ደንብ መክሰስ ትችላለች። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለ፤ ማመልከቻ እስከ መጻፍ ያግዛሉ። የሕግ ተማሪ የሆናችሁ ወንድምና እህቶች አድራሻውን ለጀመዓው ብትነግሩን በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንለጥፈዋለን።