ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ሲኳረፉ

ጥያቄ፦ ሮተርዳም ነው የምኖረው። የአፓርታማችን ባለቤቶች ማኅበር (ቬቬኤ) ቦርድ ሦስት በጎ ፈቃደኞች ነን። ሁለቱ በጣሪያ እድሳት ተኳርፈዋል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሽምግልናውን ትንሽ ያቆዩት። እድር ቢያስቀይም ይወጡታል፤ ከቬቬኤ ግን ቤትዎን ሳይሸጡ መውጣት የለም፤ ስለዚህ ኩርፊያው ብዙ ይቆያል። መጀመሪያ ክርክሩን ከዋትስአፕ ያውጡት (እዚያ ማንም አይታረቅም)። ቀጥሎ ከሁለት ተቋራጮች ዋጋ ያስመጡና ለባለቤቶች ጉባኤ ያቅርቡ፤ ቦርዱን የሚሾመውም የሚሽረውም እሱ ነው። ገንዘብ ያዡ «ካዝናው አይነካ» ካሉ፣ የጥገና ዕቅዱን ይክፈቱ፦ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ሕጉ በዕቅዱ ልክ፣ አለዚያም በዓመት ቢያንስ የሕንፃውን መልሶ መገንቢያ ዋጋ 0.5 በመቶ መቆጠብን ያዛል። የተቆጠበው ለጣሪያ ነው። ውሳኔው ያልተዋጠለት ባለቤት በ1 ወር ውስጥ ዳኛ ዘንድ ይሂድ።