ያ ውሻ የማን ነበር? ስለ ማይክሮቺፕ ደህንነትና አስፈላጊነት የቀረበ ጥናት

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ሁለታችን የዕረፍት ጊዜያችንን በከፋ፣ በደካ አሳልፈን ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ውሻ ባቱን ነከሰው። ልጁ ሊናገር የቻለው «ቡናማ ነው፤ ደረቱ ነጭ ነው» ብሎ ብቻ ነው። በሰፈሩ ደግሞ እንዲህ ያለ መልክ ያላቸው ሦስት ውሾች ነበሩ። ማታውን ሰዎች ዱላ ይዘው ወጡና ከሦስቱ መጀመሪያ ያገኙትን ገድለው ቀበሩት።

የተገደለው ውሻ ጌታ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በማግሥቱ ሄደን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ የኔ ውሻ ተከትቦ ነበር። ወረቀቱን ግን ጣራው ሲያፈስ ዝናብ አበሰበሰብኝ፤ አሁን ማን ያምነኛል?» አሉን። የልጁ አባት በበኩላቸው፣ «መከተቡን እኔ በምን ልወቅ? ልጄን የነከሰው እሱ መሆኑንስ ማን ነገረኝ?» አሉ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ክርክሩን የሚፈታ ማስረጃ ግን ከውሻው ጋራ ተቀብሯል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው።

አንባቢ እንደሚያውቀው የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ሰውን ለማዳን የሚቻልበት መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሐኪሞች የሚሹት ምልክቱ ሳይመጣ መቅደም ነው፤ ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠባል፣ ክትባቱም ሳይውል ሳያድር ይጀመራል። እዚህ ላይ የውሻው ማንነት ትልቅ ቁም ነገር ይሆናል። የነከሰው ውሻ ታውቆ፣ ታስሮ ለ10 ቀን ሲጠበቅ ጤነኛ እንደ ሆነ ከቈየ በነከሰበት ቀን በሽታው በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፤ የተጀመረውንም ሕክምና ሐኪሙ ሊያቆመው ይችላል። ውሻው ሞቶ ወይም ተገድሎ ከሆነ ደግሞ አንጎሉ አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሊመረመር ይችላል። በደካው ነገር ግን የትኛው ውሻ እንደ ነከሰ አልታወቀም፤ የተገደለውም ለምርመራ አልተላከም፤ የቀሩትም ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ሲዞሩ ሰነበቱ። ልጁም መርፌውን እስከ መጨረሻው መውሰድ ነበረበት።

አሁን ወደ ማይክሮቺፑ እንምጣ። ስሙ ከባድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። 12 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ ከአንድ የሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ የመስተዋት ብልቃጥ ናት። በውስጧ ቀጭን የመዳብ ሽቦና አንድ ቁጥር የተጻፈባት ኤሌክትሮኒክ ፍሬ አለች። ባትሪ የላትም። የእንስሳት ሐኪሙ ወፈር ባለ መርፌ በውሻው ሁለት የትከሻ አጥንቶች መካከል ከቈዳው ሥር ያስገባታል፤ ማደንዘዣም አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ማንበቢያው መሣሪያ ሲቀርብባት ከመሣሪያው በሚመጣው የራዲዮ ሞገድ ኃይል ለቅጽበት ትነቃና ባለ 15 አኀዝ ቁጥሯን ትናገራለች፤ ተመልሳም ዝም ትላለች። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኀዞች የአገር ወይም የሠሪው ፋብሪካ መለያ ናቸው። የኢትዮጵያ የአገር ቁጥር 231 ነው።

በዩኒቬርሲቲያችን ቡና ቤት ስለዚህ ነገር ስንወያይ አንድ ጓደኛችን «ውሻው የት እንዳለ በስልክ ያሳያል» ብሎ ተከራከረን። አያሳይም። ይህች ፍሬ ከቅርብ ካልተጠየቀች አትመልስም፤ የምትመልሰውም ቁጥር ብቻ ነው። የባለቤቱ ስምና አድራሻ የሚገኘው በመዝገብ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስለ ደህንነቱ የሚነሣው ፍርሃት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከቦታዋ ትንቀሳቀሳለች የሚል ሲሆን ይህ እውነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ወደ ትከሻ ወይም ወደ እግር ትወርዳለች። ጉዳቱ ግን አንባቢው ሰው ቦታዋን ሲስት ቁጥሩን ማጣቱ ነው፤ ስለዚህ መላ ገላውን መፈተሽ ይገባል። ሁለተኛው ነቀርሳ ታመጣለች የሚል ነው። ይህም ከባዶ አልተነሣም። ለጥናት በተያዙ አይጦች ላይ ብልቃጧ በገባችበት ቦታ እባጭ መታየቱ ተጽፏል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ጋዜጦች ጉዳዩን አንሥተው ብዙ ሰው አስደንግጠዋል። በውሾች ላይ ግን በሚሊዮን የሚቈጠሩት ምልክቱን ይዘው ሲኖሩ እንዲህ ያለው ነገር የተመዘገበው እጅግ በጥቂቶች ነው፤ በእነዚያም ላይ ምክንያቱ ብልቃጧ መሆኗ በእርግጥ አልተረጋገጠም። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ሆኖም ሁለቱን አደጋዎች፣ ማለትም ይህንን ብርቅ እባጭና በደካ መንገድ ላይ የሚዞረውን እብድ ውሻ፣ በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ያለ አይመስለንም።

ይጠቅማልን? በአሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ወደ እንስሳት መጠለያ ከገቡት የጠፉ ውሾች በጠቅላላው ወደ ጌቶቻቸው የተመለሱት 22 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ማይክሮቺፕ ካላቸው ግን 52 ከመቶ መመለሳቸውን ያሳያል። እንግሊዝ ከ2016 ሚያዝያ ወር ጀምሮ በሕግ ግዴታ አድርጋዋለች። አሜሪካም ከነሐሴ 2024 ወዲህ ወደ አገሯ የሚገባ ውሻ ሁሉ እንዲኖረው ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ውሻውን ይዞ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ከዚህ አያመልጥም። መርፌው ከክትባቱ መቅደም እንዳለበትም ይወቅ፤ አለዚያ የተከተበው ይህ ውሻ መሆኑ አይረጋገጥለትም።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ግን «52 ከሆነ የቀረው 48 የት ሄደ?» ሊለን ይገባል። ያው ጥናት ከምክንያቶቹ ዋናው የተሳሳተ ወይም የተቋረጠ ስልክ መሆኑን ይናገራል። ቁጥሩ ተነቧል፤ መዝገቡ ግን ሞቷል።

እዚህ ላይ ነው ከፋ የሚያስተምረን። በቦንጋ ዙሪያ፣ በተለይም በአዲዮ በኩል፣ የቦንጋ በግ ዝርያን ለማሻሻል ገበሬዎች ከቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋራ ሆነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ሲሠሩ ቈይተዋል። በጉ በጆሮው ቁጥር አለው፤ መቼ እንደ ተወለደ፣ እናቱ ማን እንደ ሆነች፣ ክብደቱ ስንት እንደ ሆነ ይጻፍለታል። እንግዲህ በጉ በስም ሲታወቅ፣ እሱን ከጅብ፣ በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቀው ውሻ ያለ ቁጥር ይኖራል። በጉ ስለሚሸጥ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ውሻውም ሲነክስ ዋጋ አለው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ድንገት አምልጦትም ቢሆን፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ ባለቤቱ የታወቀ መሆኑን አስቀድሞ ገምቷል፤ ሦስት ቡናማ ውሾች ባሉበት ሰፈር ግን ዳኛው ማንን ይጥራ?

እንግዲህ ለደካ ውሾች ሁሉ ዛሬውኑ ማይክሮቺፕ ይግባ እንላለንን? አንልም። ማንበቢያ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ከቈዳ ሥር ያለ ቁጥር ከተቀበረ ወረቀት አይለይም። የእብድ ውሻ በሽታን የሚገታው ከውሾቹ 70 ከመቶ ያህሉን መከተብ ነው፤ ያለው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ ለክትባቱ ይዋል። መርዝ መጣሉም መፍትሔ አይደለም፤ የተከተበውንም ያልተከተበውንም አብሮ ይገድላል፣ በባዶው ቦታም ያልተከተቡ ቡችሎች ይተካሉ። እኛ የምንለው መዝገቡ ይቅደም ነው፦ በክትባቱ ቀን የውሻው መልክ፣ የባለቤቱ ስምና ቀኑ በቀበሌው ደብተር ይጻፍ፤ ውሻውም በአንገቱ ቁጥር ያለበት ማሰሪያ ይያዝ። ማሰሪያ ይጠፋል፣ ልጆችም ይፈቱታል፤ ይህን እናውቃለን። ለዚህም ነው ቦንጋን በመሰለ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ባለበት ከተማ ማይክሮቺፑ ቢጀመር የሚሻለው፤ ደብተሩ ካለ ቁጥሩን ወደ እሱ መገልበጥ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ከደካ ከመመለሳችን በፊት ሽማግሌውን ልንሰናበታቸው ሄድን። አዲስ ቡችላ አምጥተው በበሩ ላይ አስረውታል። ያመጣነውን ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር አሳይተናቸው የመጀመሪያውን መስመር በሳቸው እንድንጀምር ጠየቅናቸው፤ ደስ አላቸው። የስማቸውን፣ የሰፈራቸውን ጻፍን። «የውሻው መልክስ?» አልናቸው።

ቡችላውን ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱትና፣ «ቡናማ፤ ደረቱ ነጭ» አሉ።