ብዙ መጠየቅ ወይስ በአግባቡ መምረጥ?

«ብዙ ሰው ከጠየቅን ውጤቱ ትክክል ይሆናል» ሲባል በእኛ በጋዜጠኝነት ተማሪዎች መካከል በብዛት ይሰማል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

ለምሳሌ የአሜሪካውን «ሊተራሪ ዳይጀስት» መጽሔት እንመልከት። በ1936 እ.ኤ.አ. ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በፊት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ከዚያም «ላንደን ያሸንፋል» አለ። ያሸነፈው ግን ሩዝቬልት ነው፤ ያውም 61 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ! ጆርጅ ጋሉፕ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን አውቆታል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ ኑሮው ሻል ያለ ሰው ነው። መጠይቁ ከደረሳቸውም አብዛኞቹ አልመለሱም።

በአንጻሩ 1,000 ሰዎች በዕጣ ቢመረጡና ቢመልሱ፣ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ ከ3 ነጥብ ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ «ከደወሉልን አድማጮች 80 በመቶው ደገፉት» ብለን ከመዘገባችን በፊት እንጠይቅ፦ ማን ተጠየቀ? እንዴት ተመረጠ? ስንቱስ ዝም አለ? አለዚያ ባልጠየቅነው ሕዝብ ስም ተናገርን ማለት ነው።