ታብሌት ለነጋዴ፤ ከግዢ በፊት ሊደረግ ስለሚገባው ምርመራ

በደብረ ታቦር የሚኖር የእህል ነጋዴ ሳምንቱን በአንድ ቦታ ተቀምጦ አያሳልፍም። አንድ ቀን የፎገራን ሩዝ ለመግዛት ወደ ወረታ ይወርዳል፤ ሌላ ቀን ከጣራ ገዳም አጠገብ ባለችው በአዲስ ዘመን ገበያ ይውላል፤ የጉና ድንችና ገብስ ሲደርስ ደግሞ ወደ ጋይንት ይወጣል። ከዚያም ሒሳብ ለመዝጋት ባሕር ዳር፥ ሸቀጥ ለማምጣት አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ የዋጋ ዝርዝሩን፥ የደረሰኝ ቅጂውን፥ የደንበኞቹን የዱቤ መዝገብና የሸቀጡን ፎቶግራፍ ይዞ መዞር ግዴታው ነው። ታብሌት የተባለው መሣሪያ በነጋዴዎች ዘንድ ፈላጊ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ለማን እንደሚጠቅምና ለማን እንደማይጠቅም ለይቶ ማወቅ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት መሆን ይገባዋል።

ታብሌት በእጅ ስልክና በላፕቶፕ መካከል የቆመ መሣሪያ ነው። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አይፓድን በ2002 ዓ.ም. ለገበያ ካቀረበ ወዲህ በዓለም የተስፋፋ ሲሆን፥ ዛሬ ሳምሰንግ፥ ሁዋዌ፥ ሌኖቮና ሌሎችም ኩባንያዎች በልዩ ልዩ ዋጋ ይሠሩታል። የመስኮቱ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 ኢንች ነው፤ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ ግራም ብዙ ስለማይርቅ በእጅ ቦርሳ ይያዛል። በውስጡ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው የመኪና መንገጫገጭ እንደ አሮጌ ኮምፒዩተር በቀላሉ አይጎዳውም። ይህ ሁሉ የሚመሰገንበት ነው። ነገር ግን አንድ መሣሪያ ጥሩ መሆኑና ለአንድ ነጋዴ የሚበጅ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደተባለው ሁሉ፥ ታብሌትም የሚችለውና የማይችለው ሥራ አለው። የሚችለው ማሳየት፥ ማንበብ፥ ፎቶግራፍ ማንሣትና አጭር ነገር መመዝገብ ነው። የቆርቆሮውን፥ የጨርቁን ወይም የወጥ ቤት ዕቃውን ሥዕል ለገዢ ዘርግቶ ማሳየት፥ በመጋዘን ውስጥ ቆሞ ጆንያ መቁጠር፥ የውል ወረቀትን በመንገድ ላይ ማንበብ፥ የጭነት መኪናውን ሰሌዳና የሚዛኑን ውጤት ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ፥ እነዚህ ሁሉ በታብሌት ከስልክ ይልቅ በምቾት፥ ከላፕቶፕ ይልቅ በቅልጥፍና ይሠራሉ። የማይችለው ደግሞ ረጅም ጽሑፍና ሰፊ የሒሳብ ሰንጠረዥ ነው። በመስታወት ላይ በጣት እየነኩ ሁለት ገጽ ደብዳቤ መጻፍ የሚያደክም ሥራ ነው። ለዚህ ሲባል ኪቦርድ፥ መደገፊያና ልዩ ሽፋን ሲጨመርበት የታብሌቱ ዋጋ ወደ ላፕቶፕ ዋጋ ይጠጋል፤ ምቾቱ ግን አይጠጋም።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከሱቁ የማይለይ ባለሱቅ ታብሌት አያስፈልገውም ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ከፊቱ ነው፤ ዱቤውም በደብተር ላይ ተጽፎለታል፤ ለቀረው ስልኩ ይበቃዋል። እንዲያውም ዛሬ የሚሸጡት ስልኮች መስኮታቸው እየሰፋ ስለ ሄደ የአነስተኛ ታብሌትን ሥራ ወስደውበታል። ባለ 7 ኢንች ታብሌት መግዛት አንድን ነገር ሁለት ጊዜ እንደ መግዛት የሚቆጠር ነው።

አስመጪና ላኪውም በሌላ በኩል ሊጠነቀቅ ይገባዋል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የማስመጫና የመላኪያ ሰነዶችን በኢንተርኔት እየተቀበለ ሲያስተናግድ ቆይቷል። ብዙ ሰነድ እያያያዙ፥ ቁጥር እያመሳከሩ በአንድ ጊዜ መሙላት የኮምፒዩተር ሥራ ነው። ስለዚህ ላኪው አንድ መሣሪያ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ላፕቶፕ ይግዛ፤ ታብሌት ለእርሱ ሁለተኛ እንጂ የመጀመሪያ መሣሪያ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቴሌብርም ሆነ የባንኮች የስልክ አገልግሎት ከነጋዴው የስልክ ቁጥር ጋራ የተያያዘ ነው፤ የማረጋገጫ መልእክቱ የሚደርሰው በዚያው ቁጥር ነው። ታብሌት የያዘ ነጋዴ ስልኩን ትቶ ሊወጣ አይችልም ማለት ነው።

እንግዲህ መሣሪያው በእውነት የሚገባው ከገበያ ወደ ገበያ ለሚዞረው ገዢ፥ ለአከፋፋዩና የናሙና ሥዕል እያሳየ ትዕዛዝ ለሚቀበለው ወኪል ነው። እርሱም ቢሆን አስቀድሞ ራሱን ቢፈትን መልካም ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በኪስ ደብተሩ ላይ ሰፊ መስኮት የፈለገበትን ጊዜ ሁሉ ይመዝግብ። ስልኩ ያቃተው በየትኛው ቦታ፥ ለየትኛው ሥራ ነበር? በሁለት ሳምንት ውስጥ ያቃተው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ሸቀጥ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

ሥራው ሳይደርስ መሣሪያውን መግዛት የሚያስከትለውን ነገር ለመረዳት አገራችን የምታውቀው ትልቅ ምሳሌ አለ። አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታስቦ ስለ ነበር፥ ቆጣሪዎቹ በወረቀት ፈንታ እንዲሠሩበት ወደ 180,000 የሚጠጉ ታብሌቶች ተገዙ። የታሰበው ነገር ተገቢ ነበር፤ ወረቀት ሰብስቦ ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ የሚጠፋውን ረጅም ጊዜ ያስቀር ነበርና። ሆኖም ቆጠራው በጸጥታ ምክንያት በተደጋጋሚ ተላልፎ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እንደገና እንዲራዘም ተወሰነ። ታብሌት ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ ዋጋው እስኪወጣ የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም። ባትሪው ሳይሠራም ይደክማል፤ ፕሮግራሙ ያረጃል፤ አዲስ ዓይነት ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል። የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናም በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ከታቀደ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተሰጥቷል። መንግሥት ያቀደው ሥራ ሲዘገይ መሣሪያው ለሌላ መሥሪያ ቤት ሊውል ይችላል፤ የአንድ ነጋዴ ታብሌት ግን ሥራ ካጣ የልጆች መጫወቻ ሆኖ ይቀራል።

ዋጋውን ስለ ማስላት ሲነሣ የመሣሪያው ዋጋ ብቻ የወጪው ሁሉ ልክ እንዳልሆነ የደብረ ታቦር ሰው ከማንም የተሻለ ሊያውቅ ይገባዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በከተማዋ አቅራቢያ ባለው በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል እንደሚመዝን ይነገራል። እርሱን ማሠራት ከባድ ነበር፤ ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. ገደል እየናዱ፥ መንገድ እየጠረጉ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መጎተቱ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቷል። የታብሌት ክብደት ከዚያ ጋራ አይነጻጸርም፤ ቢሆንም መጎተቻው ያው ወጪ ነው። ሽፋኑ፥ የመስታወት መከላከያው፥ ፓወር ባንኩ፥ የሲም ካርዱና በየወሩ የሚገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ሁሉ ተደምሮ መታየት አለበት።

ለምሳሌ ያህል የመሣሪያው ዋጋ ከነተጓዳኞቹ 40,000 ብር ይሁን፤ ዕድሜውም አራት ዓመት ይሁን። በዓመት 10,000 ብር፥ በወር 833 ብር ገደማ ይወጣበታል። በወር 40 ኩንታል የሚገዛ ነጋዴ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ወደ 21 ብር የሚጠጋ ወጪ ጨመረ ማለት ነው። ይህንን የሚመልስለት ምንድን ነው? አንድ ከንቱ የወረታ ጉዞ ማስቀረት፥ የተረሳ ዱቤ ማስታወስ፥ ወይም በናሙና ሥዕል አንድ ትዕዛዝ ማግኘት ሊሆን ይችላል። መልሱ በቁጥር የሚገለጽ ከሆነ ግዢው ተገቢ ነው። መልሱ «ሌሎች ይዘዋል» ከሆነ ግን ሒሳቡ አልተሠራም።

የዋጋው ነገር በውጭ ምንዛሪም የሚወሰን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት በሰሙት ዋጋ ተነሥቶ ገንዘብ መያዝ ስለማይበቃ፥ የቀኑን ዋጋ ከሁለት ሦስት መደብር መጠየቅ ያስፈልጋል። በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ መሣሪያውን ለንግዱ ሥራ ሲገዛ ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል አለበት፤ በዋጋው ላይ የተጨመረውን 15 በመቶ ለማቀናነስ የሚችለው ደረሰኝ ሲኖረው ብቻ ነው። ያለ ደረሰኝ በርካሽ የተገዛ ታብሌት በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ርካሽነቱ አብሮት አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ በላይ በደቡብ ጎንደር ደጋ ለሚሠራ ነጋዴ ዋናው ጥያቄ መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት ምን ይሠራል የሚለው ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፥ መዝገቡን ሁሉ በሩቅ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀመጠ ሰው የገዛ ዱቤውን ለማየት አልቻለም፤ በመሣሪያው ውስጥ ያስቀመጠው ግን ሥራውን ቀጥሏል። ስለዚህ ለዚህ አገር የሚሆን ታብሌት የማከማቻ መጠኑ በቂ የሆነ፥ ቢቻል ከ128 ጊጋባይት የማያንስ፥ የሲም ካርድ መቀበያም ያለው ነው። በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው ዓይነት በዋጋ ቢቀንስም በአዲስ ዘመን ገበያ መካከል ዋይፋይ የሚሰጠው የለም።

መብራትን በተመለከተ በከተማ ውስጥ ሌሊት ሞልቶ መውጣት ይቻላል፤ በመንገድ ላይ ግን ፓወር ባንክ ያስፈልጋል። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ባንክ በተግባር የሚሰጠው ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን ያህል መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በብርድ ባትሪ ቶሎ ይዳከማል፤ በተራ ጓንት የተሸፈነ ጣትም መስኮቱን አያዝዘውም። በንፋስ መውጫ ማለዳ መሣሪያውን በጋቢ ሥር ይዞ መሄድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ለግዢ ወደ መርካቶ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሄደ ነጋዴ ሻጩ የሚያሳየውን ፊልም ማየቱን ትቶ የራሱን ሥራ ይሞክርበት። መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ግንኙነት ያጥፋ፤ ከዚያም በአማርኛ ፊደል አንድ የዕቃ ዝርዝር ይጻፍ፤ ጠባብ ጽሕፈት ያለበትን ደረሰኝ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቁጥሩ መነበቡን ይመልከት፤ ያስቀመጠውንም ዘግቶ እንደገና ይክፈት። ቀጥሎ ከመደብሩ ደጅ ወጥቶ በፀሐይ ያንብበው፤ በጥላ ሥር የሚያበራ መስኮት በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥቁር መስታወት ሊሆን ይችላል። ይህንን ለመፍቀድ የሚያቅማማ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ መደብር መፈለግ ይሻላል።

ወደ ቻይና የሚመላለሱ አስመጪዎች ደግሞ በዚያ አገር ለአገሬው ሕዝብ ተብሎ የተሠራው ታብሌት በዋጋ ቢረክስም የጎግል አገልግሎት ሳይኖረው እንደሚሸጥ ሊያውቁ ይገባል። በጉዞም ጊዜ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ልኩም በአየር መንገዶች ዘንድ እስከ 100 ዋት ሰዓት፥ ማለትም ወደ 27,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ከሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በቻይና የአገር ውስጥ በረራዎች የዚያን አገር የጥራት ምልክት የሌለበት ፓወር ባንክ እንዳይገባ ተከልክሏል።

ያገለገለ ታብሌት የሚገዛ ሰው የቀድሞው ባለቤት መለያና የይለፍ ቃል ከመሣሪያው ላይ መነሣቱን ከፊቱ ሆኖ ሊያረጋግጥ ይገባዋል፤ ይህ ሳይደረግ የተገዛ መሣሪያ አንድ ቀን ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። የሲም ካርድ መቀበያ ባለው መሣሪያ ላይ የሚገኘውን 15 አኃዝ ያለውን መለያ ቁጥር ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋራ ማመሳከር፥ ቁጥሩንም በቤት ባለ ደብተር ላይ መጻፍ አስፈላጊ ነው። በየሳምንቱ እሑድ ማታ የዱቤ መዝገቡን ቅጂ በትንሽ የማከማቻ ካርድ ላይ ወስዶ ካርዱን ከሱቁ ውጭ በሌላ ቤት ማስቀመጥ ይገባል፤ በአውቶቡስ ላይ የተረሳ ታብሌት በሌላ ታብሌት ሊተካ ይችላል፤ በውስጡ የነበረው የ200 ደንበኛ ዱቤ ግን ቅጂ ከሌለው በማንም እጅ አይገኝም።