ያገለገለ የእንጨት ካሜራ በኢንተርኔት ሲገዛ ነጋዴው ሊመረምረው የሚገባ

በርበሬ ለመግዛት ወደ ቡሬ ገበያ የሚወጣ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ዋጋ አይቈርጥም። እጁን ከቶ ከሥር ያለውን ዘግኖ ያወጣል፤ እርጥበት ይዞ እንደ ሆነ፥ ነጩ ከቀዩ ጋራ ተደባልቆ እንደ ሆነ ይመረምራል። ዕቃው በሩቅ አገር ሆኖ በሥዕሉ ብቻ በሚታይበት በኢንተርኔት ገበያ ግን እጅ መክተት አይቻልም፤ ገዢው በእጁ ፈንታ የሚልከው ጥያቄውን ነው። ያገለገሉ ትልልቅ የእንጨት ካሜራዎችን ለማስመጣት የሚያስቡ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ነጋዴዎች ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው ከዚህ በታች ተዘርዝሯል።

የዕቃው ዓይነት

የእንጨት ካሜራ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች አስከትሎ ነበር። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንም የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሙያውን ለልጆቹ አውርሷል።

የዚያ ዘመን መሣሪያ በሦስት እግር ላይ የሚቆም የእንጨት ሣጥን ነው። ከፊቱ ሌንስ፥ ከኋላው ምስሉ ተገልብጦ የሚታይበት ደብዛዛ መስተዋት፥ በመካከሉም እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚተጣጠፍ የቆዳ ወይም የጨርቅ ክፍል አለው። አንሺው ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ምስሉን ካጠራ በኋላ በመስተዋቱ ቦታ ፊልሙን ከብርሃን ሰውሮ የሚይዘውን የፊልም መያዣ ያስገባል።

ዛሬ ይህን ዕቃ የሚፈልጉ ደንበኞች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሆቴሉን ወይም ቡና ቤቱን ለማስጌጥ የሚሻ ነው፤ ሁለተኛው የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ነው፤ ሦስተኛው የሰርግና የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ በቀድሞው አሠራር ለማንሣት የሚፈልግ ባለ ፎቶ ቤት ነው። ነጋዴው ለየትኛው ደንበኛ እንደሚገዛ አስቀድሞ ካልወሰነ፥ ለጌጥ የሚሆነውን በሥራ ዕቃ ዋጋ ይገዛል።

የመለያው ምልክት

መጀመሪያ የሚጠየቀው የፊልሙ መጠን ነው። ሻጩ የደብዛዛውን መስተዋት ወርድና ቁመት በሴንቲሜትር ለክቶ ይናገር። የአውሮፓ ካሜራዎች ብዙውን ጊዜ 9 በ12፥ 13 በ18 ወይም 18 በ24 ሴንቲሜትር ናቸው፤ አሜሪካኖች 4 በ5 ኢንች የሚሉት 10.2 በ12.7 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የእንግሊዞች ግማሽ ሰሌዳ የሚባለው ደግሞ 12 በ16.5 ያህል ነው። ለ4 በ5 ኢንች የሚሆን ፊልም እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የቼክ አገሩ ፎማ ፋብሪካ በ9 በ12 እና በ13 በ18 መጠንም ያወጣል። ለእንግሊዝ ግማሽ ሰሌዳ ግን ፊልም በቀላሉ ስለማይገኝ፥ ካሜራው ርካሽ ሆኖ ቢታይ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የሠሪው ስም ነው። ከእንግሊዝ ቶርንተን ፒካርድ፥ ላንካስተርና ጋንዶልፊ፤ ከጀርመን ኤርነማን፤ ከአሜሪካ ዲርዶርፍ፤ ከሶቪየት ኅብረት ኤፍ ካ ዴ የተባሉት በገበያው የታወቁ ናቸው። በናሱ ሰሌዳ ላይ የፈጠራ መብት የተመዘገበበት ዓመት ተቀርጾ ቢገኝ ካሜራው የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ ከዚያ ዓመት በፊት አለመሠራቱን ብቻ ያመለክታል።

ሦስተኛው የሌንሱ ጽሕፈት ነው። በሌንሱ ዙሪያ የተጻፈው የትኩረት ርቀት ከፊልሙ አግድም ልክ፥ ማለት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ካለው ርዝመት ጋራ ቢቀራረብ መልካም ነው። ለ9 በ12 15 ሴንቲሜትር፥ ለ13 በ18 21፥ ለ18 በ24 30 ሴንቲሜትር ያህል ይስማማል። ለትልቅ ፊልም አጭር ሌንስ ተገጥሞ ከተገኘ የምስሉ ማዕዘኖች ሊጨልሙ ይችላሉ።

ለጌጥ ተብለው በቅርብ ዘመን የተሠሩ አስመሳይ ካሜራዎችም አሉ። ናሳቸው ከዳር እስከ ዳር ያብረቀርቃል፤ ሌንሳቸው የትኩረት ርቀት አይጻፍበትም፤ የፊልም መያዣ የሚገባበት ቦታ የላቸውም። በእውነተኛ ዋጋቸው ከተሸጡ ነውር የለባቸውም፤ ጥንታዊ ተብለው ሲሸጡ ግን ማታለል ነው።

የጎደለውን መተመን

ዋናው የንግድ ጥበብ በዚህ ላይ ነው። ያገለገለ ካሜራ አንድ ነገር ሳይጎድለው የሚገኘው ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ገዢው ጉድለቱን በሁለት ይክፈለው፤ በአገር ቤት እጅ የሚጠገን፥ በውጭ ምንዛሪ ብቻ የሚተካ።

በአገር ቤት የሚጠገነው ብዙ ነው። የላላ ማጋጠሚያና የተሰነጠቀ ጣውላ ጥሩ አናጢ በዋንዛ ወይም በዝግባ ያድሰዋል። የተቀደደ ወናፍ በስስ የበግ ቆዳና በጥቁር ጨርቅ ይሠራል። የተሰበረ ደብዛዛ መስተዋት ተራ መስተዋት ቆርጦ በደቃቅ የመሳያ ዱቄት አንዱን ፊቱን በመፈተግ ይተካል። የጠፋ የናስ ብሎን አንጥረኛ ያወጣዋል።

በውጭ ምንዛሪ የሚተካው ሌንሱ፥ የሌንሱ መዝጊያና የፊልም መያዣው ነው። በተለይ መያዣው ትንሽ ዕቃ መስሎ ይናቃል። ነገር ግን ፊልሙ መያዣው ውስጥ የሚያርፍበት ጥልቀት ከደብዛዛው መስተዋት ጥልቀት ጋራ ካልተካከለ፥ በመስተዋቱ ላይ የጠራው ምስል በፊልሙ ላይ ይደበዝዛል። በተለይ የጥንት ካሜራዎች መያዣ ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ፥ ከካሜራው ጋራ አብሮ የመጣው ይመረጣል።

ለምሳሌ ያህል አንዱ ካሜራ ያለ ሌንስና ያለ መያዣ በ120 ዶላር፥ ሌላው ሙሉ ሆኖ በ260 ዶላር ቀረቡ እንበል። ለመጀመሪያው ሌንስ በ110፥ ሦስት መያዣ በ60፥ ለሁለተኛ ጊዜ ማጓጓዣ 45 ዶላር ቢጨመር ጠቅላላው 335 ይሆናል። ርካሹ በ75 ዶላር ተወደደ ማለት ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ወናፉ የተቀደደ በመሆኑ 40 ዶላር ቢቀነስለት፥ ወናፉን በአገር ቤት ማሠራት ለሚችል ገዢ ትርፉ ከዚያ ይጀምራል።

ለሻጩ የሚላክ ጥያቄ

ከክፍያ በፊት እነዚህ ሥዕሎች ይጠየቁ፤ ወናፉ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ፤ በጨለማ ቤት መብራት ከውስጡ ገብቶ፥ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ እንዳለው እንዲታይ፤ ሌንሱ ወደ ብርሃን ተይዞ፥ ሻጋታና ጭረት እንዲለይ፤ መያዣው ከካሜራው ጋራ ገጥሞ። የወናፉ ርዝመት ከሌንሱ የትኩረት ርቀት ቢያንስ ሩቅ ያለውን እንኳ ማጥራት አይቻልም። እነዚህን ሥዕሎች ለመላክ እምቢ የሚል ሻጭ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቅም፤ ወይም ጉድለቱን ያውቃል።

ክፍያው ገንዘቡን እስከ ርክክብ በሚጠብቅ የታወቀ ድርጅት በኩል ይሁን እንጂ በቀጥታ ለሻጩ አይላክ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ፥ ወጪው በሚከፈልበት ቀን ተመን ይታሰብ። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ መድንና ማጓጓዣ ተጨምሮ ነው። ፎቶግራፍ ማንሻ ካሜራ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መደብ 9006፥ ዕድሜው ከ100 ዓመት ያለፈ የጥንት ዕቃ ግን በ9706 ስለሚመደብ፥ የሻጩ ደረሰኝ ዕድሜውን በግልጽ እንዲጽፍ ማድረግና አስቀድሞ የጉምሩክ አስተላላፊ ማማከር ያስፈልጋል።

ዕቃውን የመመለሻ ጊዜ በቀን የተወሰነ ነው። አዲስ አበባ የደረሰ ካሜራ በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ እስኪደርስ፥ በተለይ መንገድ በሚቋረጥበት ወራት፥ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው በአዲስ አበባ በወኪል ይፈጸም፤ ከዚያ በኋላ መስተዋቱ ተፈትቶ ለብቻው ታሽጎ ይጫን።

ከአገር ቤት ስለሚገኘው

ከተዘጋ ፎቶ ቤት ወይም ከገጠር ባላባት ቤት የቆየ ካሜራ የሚያገኝ ነጋዴ ወደ ውጭ ለመሸጥ ከመስማማቱ በፊት ለባህል ጽሕፈት ቤት ያመልክት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ከካሜራው ጋራ የመስተዋት ኔጋቲቭ የያዘ ሣጥን ቢገኝ ታጥቦ ለመስኮት አይዋል። የታጠበ መስተዋት ዋጋው የአንድ ቁራጭ መስተዋት ነው፤ ያልታጠበው ግን ሌላ መልክ ያልቀረላቸውን የአንድ አገር ሰዎች ፊት የያዘ ሊሆን ይችላል።